የተቧጨረችው ትገዛ

አዲስ አበባ፣ ፒያሳ

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል እላለሁ። የባሌ ብርድ ለጉልበትዎ እንደማይስማማው ስለማውቅ ሐሳቤ ሁልጊዜ ከእርስዎ ጋር ነው። እኛ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁላችንም ደህና ነን።

ወንድሜ የረዳትነት ጊዜውን ጨርሶ ከውጭ የሚመጡ አዳኞችን በራሱ ኃላፊነት ይዞ ሊወጣ ስለሆነ የራሱ ጠመንጃ እንዲኖረው ወስነው፣ እዚህ ለሽያጭ የቀረቡትን ሁለት ጠመንጃዎች አይቼ እንድጽፍልዎ አዝዘውኝ ነበር። ሁለቱንም ባለቤቶቻቸው ባሉበት በእጄ ይዤ አገላብጬ አይቻቸዋለሁ። ልብዎ በቅርጻ ቅርጽ ወዳጌጠው እንዳዘነበለ ከደብዳቤዎ ተረድቻለሁ፤ አባት ለልጁ የሚሰጠው ነገር ያማረ እንዲሆን መመኘቱም የሚያስወቅሰው አይደለም። እኔ ግን የተቧጨረችው ትገዛ ባይ ነኝ። የመጨረሻው ቃል የእርስዎ ነውና ያየሁትን ሳልደብቅ ልጻፍልዎ።

ያጌጠው ጠመንጃ የሚገኘው ከአራት ኪሎ ወደ ቀበና ሲወረድ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ባለ አንድ አሮጌ ቪላ ውስጥ ነው። ባለቤቱ ካረፉ ወዲህ ልጆቻቸው በቀይ ከፋይ በተለበጠ ሳጥን አኑረውታል። በጠመንጃ ሠሪዎቿ ከታወቀችው ከኦስትሪያዋ ፌርላክ የመጣ፣ ጎን ለጎን የተጋጠሙ ሁለት አፈሙዞች ያሉት፣ በ9.3 ሚሊሜትር ጥይት የሚሠራ ነው። ሥራውን ማሳነስ አልፈልግም፤ ፒያሳ ካለ አንድ ሰዓት ሠሪ በተዋስኩት ማጉሊያ ቅርጹን ስመለከተው የአንዷን ቅጠል ጅማት ሳይቀር ለይቶ የቀረጸ እጅ መሆኑን አይቼ ተደንቄያለሁ። በግራ ጎኑ ላይ ቀንዱ ቅርንጫፍ ያበጀ የአውሮፓ አጋዘን ቆሟል። (እንዲህ ያለ አውሬ በእኛ ተራራ የለም፤ የእኛው የደጋ አጋዘን ቀንዱ እየተጠማዘዘ የሚወጣ እንጂ ቅርንጫፍ የሚያወጣ አይደለም። ወንድሜ ይህን ጠመንጃ ይዞ ባሌ ቢወጣ አውሬዎቹ እርስ በርስ አይተዋወቁም።) እንጨቱ በቫርኒሽ የተወለወለ ዋልነት ሲሆን አንዲት ጭረት የለበትም፤ ልጆቻቸው እንደነገሩኝም አባታቸው አንድም ቀን አልተኮሱበትም።

ሻጮቹ ይህንን እንደ ትልቅ ምስጋና ይናገሩታል፤ እኔን ያሳሰበኝ ግን ይኸው ነው። ያልተተኮሰበት ጠመንጃ ጉድለቱም ብቃቱም አይታወቅም። ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃ ሁለቱም አፈሙዞች አንድ ቦታ እንዲመቱ ሠሪው የሚያስተካክለው ለአንድ ዓይነት ጥይት ነው፤ ያንን ጥይት ደግሞ የምሠራበት የአደን ድርጅት እንግዶች ይዘውት ሲመጡ እምብዛም አላየሁም። ቫርኒሹም ሲያዩት ያምራል እንጂ አንድ ጊዜ ከተሰነጠቀ ውሃ በስንጥቁ ገብቶ ከሥሩ ይቀራል፤ ዘይት የጠጣ እንጨት ግን ማታ እሳት ዳር ተቀምጠው በጨርቅ ያድሱታል። የተወለወለ ነገር የጧት ፀሐይ ሲያርፍበት ከሩቅ ብልጭ እንደሚልና አውሬ እንደሚያስደነብር ለእርስዎ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ጠመንጃው በባለቤቱ ላይ የሚያሳድረው ፍርሃት ነው። ከምሠራበት ድርጅት እንግዶች አንዱ ስሙ በወርቅ የተጻፈበት ጠመንጃ ይዞ መጥቶ ነበር። ቸርችል ጎዳና ካለው ቢሯችን ሲነሳ ሳጥኑን ለሾፌሩ እንኳ አላስነካም። ወንድሜ እንደነገረኝ፣ አስታው ጫካ ውስጥ ዝናብ ሲጥል ሰውየው የዝናብ ልብሱን አውልቆ ጠመንጃውን ጠቀለለበትና እሱ ራሱ በሰበሰ። ትልቁ የአጋዘን ኮርማ ከጉሙ ወጥቶ አፋፉ ላይ ሲቆም እንግዳችን ገና ልብስ ይፈታ ነበር። እሱን ያመለጠው አንድ አደን ነው። ወንድሜ ጠመንጃ የሚያስፈልገው ግን እንግዳው አቁስሎ የለቀቀውን ጎሽ ለማቆም ነው፤ ያን ጊዜ ለጠመንጃ የሚሳሱበት ፋታ አይገኝም።

ሁለተኛዋ ያለችው ከሰባ ደረጃ በላይ ነው፤ ሻጩ በዕድሜ ምክንያት ሥራውን የተዉ ፕሮፌሽናል አዳኝ ናቸው። በቼኮዝሎቫኪያ የተሠራች፣ ብርኖ የሚል ስም የያዘች ዜድ ኬ ኬ 602 ስትሆን ጥይቷ 375 ሆላንድ ኤንድ ሆላንድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1912 ወጥቶ እስከ ዛሬ በአፍሪካ አዳኞች እጅ ያለው ማለት ነው። ሲያዩዋት አታጓጓም። ሰውየው በጉዞ ላይ የሚጨብጧት ቦታ ጥቁሩ ቀለም ተልጦ ብረቱ ነጥቷል፤ በሰደፏ ግራ ጎን ቆንጥር ያሰመረው ረጅም ጭረት አለ፤ የማንገቻዋ ቀለበትም በአገልግሎት ብዛት ተበልቶ ቀጥኗል። እኔ ግን እርስዎ ባስተማሩኝ ቦታዎች ላይ ነው ያተኮርኩት። በመጀመሪያ የአፈሙዙን ከንፈር ዙሪያውን በማጉሊያው ተመለከትኩ፤ እርሳሱ ከብረቱ የሚለያየው እዚያ ላይ በመሆኑ በዚያች ጠርዝ ላይ ያለ ትንሽ ስርጉድ በሰደፍ ላይ ካለ ጭረት ሁሉ ይልቅ ተኩስ ያበላሻል፤ ንጹሕ ሆኖ አገኘሁት። መቀርቀሪያዋን አውጥቼ በርሜሉን ወደ መስኮቱ ባዞር የተጠማዘዙት ቦዮች ከጫፍ እስከ ጫፍ ጥርት ብለው ይታያሉ፤ ዝገት የበላው ቦታ የለም። እንጨቱ እጅ በሚጨብጠው ቀጭን ቦታ ላይ አልተሰነጠቀም። ባለቤቱ ብሎኖቹን ፈትተው ብረቱን ከእንጨቱ ሲያላቅቁልኝ ደግሞ ብረቱ የሚያርፍበትን ቦታ ኢፖክሲ በሚባል ጠንካራ ማጣበቂያ ሞልተው እንዳጠናከሩት አየሁ፤ እንዲህ ያለ ከባድ ጥይት ወደ ኋላ ሲረግጥ እንጨቱን ከውስጥ ሊሰነጥቀው እንደሚችል የሚያውቅ ሰው ሥራ ነው። ውጩን ለቆንጥር ትቶ ውስጡን እንዲህ የጠበቀ ሰው የሚሸጠውን ነገር እኔ አምነዋለሁ።

አሠራሯም እርስዎ ጥርስዎን ከነቀሉበት ከአያቴ የቤልጅግ ጠመንጃ ጋር ዘመድ ነው። ሁለቱም የሚነሡት የጀርመኑ ጠመንጃ ሠሪ ማውዘር እ.ኤ.አ. በ1898 ካወጣው ንድፍ ነው። ጥይቱ ከመጋዘኑ ሲነሣ ረጅሙ ጥፍር ወዲያውኑ ቂጡን ይይዘዋል፤ ከያዘው በኋላም አይለቀውም። ስለዚህ ሰው ደንግጦ መቀርቀሪያውን ግማሽ መንገድ ገፍቶ መልሶ ቢስበው ያው ጥይት ተመልሶ ይወጣል እንጂ ሌላ ጥይት ከኋላው መጥቶ አይወተፍም። ጥይቱን ዝም ብለው ወደ ፊት የሚገፉና መጨረሻ ላይ ብቻ የሚይዙት ጠመንጃዎች በረከሰ ዋጋ ይሠራሉ፤ ዒላማ ላይም የሚናቁ አይደሉም፤ ይሁንና አሜሪካኖቹ ዊንቸስተር ሞዴል 70ን እ.ኤ.አ. በ1964 ወደዚያ አሠራር ሲለውጡት አዳኞች አጉረምርመው ከዚያ በፊት የተሠሩትን በውድ ዋጋ ማሳደድ ጀመሩ። የጥፍሩ ስፋት ሌላም ጥቅም አለው፤ በአዋሽ በኩል በሙቀትና በአቧራ የተጣበቀ ቀለህ ሲያጋጥም ጎትቶ ያወጣል። እርግጥ ነው፣ ያጌጠው ባለ ሁለት አፈሙዝ ሁለተኛውን ጥይት ምንም ማቀባበል ሳያስፈልገው መተኮሱ ትልቅ ብልጫ ነው፤ ይህን አልክድም። ከሁለት በኋላ ግን ባዶውን ነው።

ብርኖዋን ሳገላብጥ የአያቴ ቤልጅግ ትዝ ይለኝ ነበር። እርስዎ ከአደን ሲመለሱ ጫማዎን እንኳ ሳያወልቁ እናቴን የፈላ ውሃ ይጠይቋት ነበር። መቀርቀሪያውን አውጥተው፣ አፈሙዙን ወደ ሳፋው ደፍተው፣ ውሃውን በማንቆርቆሪያ ከኋላ ሲያንቆረቁሩበት መጀመሪያ ጥቁር፣ ቀጥሎ ግራጫ፣ በመጨረሻም ጥሩ ውሃ ይወርዳል፤ ብረቱ በገዛ ሙቀቱ እስኪደርቅ ጠብቀው ጨርቅ በገመድ ይስቡበትና ዘይት የሚቀቡት ከዚያ በኋላ ነው። የድሮ የወታደር ጥይት መለኮሻው ሲቃጠል ጨው ትቶ ያልፋል፤ ጨዉ የአየሩን እርጥበት ይስብና በርሜሉን ከውስጥ ያዝገዋል፤ ጨው የሚያሟሟው ደግሞ ውሃ እንጂ ዘይት አይደለም። ያ ጠመንጃ ከጣሊያን ወረራ በፊት አገር ውስጥ የገባ፣ ሰደፉ ተሰብሮ በናስ ሽቦ የተጠመጠመ ሆኖ ሳለ እስከ ዛሬ ቀጥ አድርጎ መምታቱ የዚያ ማንቆርቆሪያ ውለታ ነው። የዛሬ ጥይት በአብዛኛው ያንን ጨው ባይተውም ወንድሜ ልማዱን እንዳይረሳ እመኛለሁ።

የሥራ ጠመንጃ የሚመርጠው ገንዘብ ያጠረው ብቻ ነው የሚሉ አሉ። ስኮትላንዳዊው ቤል ከ1,000 በላይ ዝሆኖች የገደለ፣ በእኛም አገር እስከ ጊሎ ወንዝ የዘለቀ አዳኝ ነበር፤ (ዛሬ ቢሆን ወህኒ በወረደ፤ ዝሆን ያለቀው በእንዲህ ያለ እጅ ነው።) በዝሆን ጥርስ ብዙ ገንዘብ ያገኘ ሰው ሆኖ ሳለ አብዛኞቹን የገደለው ጌጥ በሌለው የ7 ሚሊሜትር ማውዘር ነው። ለእኛ ጉዳይ የተሻለው ምስክር ግን አዳኙ ጂም ኮርቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1907 ሕንድ ውስጥ የቻምፓዋትን ሰው በላ ታይገር በመግደሉ የእንግሊዙ ጠመንጃ ሠሪ የሪግቢ ሥራ የሆነ ጠመንጃ ተሸልሟል፤ በሰደፉም ላይ የብር ሰሌዳ አለበት። ሽልማት ነው ብሎ ግድግዳ ላይ አልሰቀለውም፤ እ.ኤ.አ. በ1926 የሩድራፕራያግን ሰው በላ ነብር የገደለበት ይኸው ጠመንጃ ነው። ስለዚህ ማማር በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ያጌጠውን ገዝተን ወንድሜ ሳይሳሳ እንዲሠራበት የምናደርግ ቢሆን ኖሮ እኔም ባልተከራከርኩ። ነገር ግን በዚያ ዋጋ ገዝተን ያንን ልብ ከየት እናመጣለን? ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ልጁ ከጫካ በተመለሰ ቁጥር ከጤናው አስቀድመው ስለ ጭረቱ እንደሚጠይቁት ከወዲሁ ይታየኛል።

የብርኖዋንም ጉድለት ልንገርዎ። ሴፍቲዋ ከለመድነው የተገላበጠ ነው፤ ወደ ፊት ሲገፋ ይቆልፋል፣ ወደ ኋላ ሲሳብ ለተኩስ ይለቃል። በድንጋጤ ሰዓት እጅ የሚሠራው የለመደውን ነውና ወንድሜ በባዶ ጠመንጃ እጁ እስኪገራ ሊለማመድባት ይገባል። ክብደቷ ዳገት ላይ ይሰማል። የሰደፏ ላስቲክ በዕድሜ ደርቆ እንደ ድንጋይ ስለሆነ መቀየር አለበት፤ የማነጣጠሪያ መነጽርም የላትም። ሆኖም በሁለቱ ዋጋ መካከል ባለው ልዩነት ጥሩ መነጽር ከነማሰሪያው፣ የቆዳ ማንገቻና ለልምምድ የሚሆን በርከት ያለ ጥይት ይገዛል፤ ልጁንም ተኳሽ የሚያደርገው ይኸኛው ወጪ ነው።

ወረቀቱን በተመለከተ፣ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት የጦር መሣሪያ ያለ ተቆጣጣሪው ተቋም ፈቃድ ከሰው ወደ ሰው ስለማይተላለፍ ለማንም ቀብድ አልሰጠሁም። የብርኖዋ ባለቤት ፈቃዳቸው የታደሰ ነው፤ በብረቷ ላይ የተመታው ቁጥርም ከወረቀቱ ጋር አንድ መሆኑን አመሳክሬያለሁ። የቪላው ጠመንጃ ፈቃድ ግን አሁንም በሟቹ ስም ነው፤ ወራሾቹ ገና ጉዳዩን አልጀመሩትም፤ በውርስ ጣጣ ውስጥ ያለ መሣሪያ ላይ ገንዘብ ማሰር ለእኔ አይታየኝም።

ሻጩ እስከ ጥቅምት መግቢያ ድረስ ለሌላ ላይሸጧት ቃል ገብተውልኛል። ፈቃድዎ ከሆነ ወንድሜ የማመልከቻውን ወረቀት ይዞ እንዲመጣ ያድርጉልኝ፤ እርስዎም መንገዱን ከቻሉት አብረውት መጥተው በእጅዎ ቢመዝኗት ደስ ይለኛል። ደረጃውን ግን አያስቡት፤ በላይኛው መንገድ መኪና እስከ በሩ ድረስ ይገባል።

እናቴን ጉልበቷን ስመው ሰላም በሉልኝ።

አክባሪ ልጅዎ