የትኛውን እንደምትተው እሷ ትወስን፤ ለሜሪላንድ ግዛት የትምህርት መምሪያ ግልጽ ደብዳቤ

ለሜሪላንድ ግዛት የትምህርት መምሪያ፣
በተለይም ለመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የስፖርት ማኅበር ኃላፊዎች

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

የምጽፍላችሁ ከሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የሁለት ሯጮች አባት ነኝ። ይህንኑ ደብዳቤ በእንግሊዝኛ ልኬላችኋለሁ። እዚህ በአማርኛ ያወጣሁት ትራኩ ዳር አብረውኝ የሚቆሙ የሀገሬ ሰዎች፣ የልጆቹ እናትና አባቶች፣ ጉዳዩን እንዲያውቁት ብዬ ነው።

አንዲት ተማሪ በሁለት ወይም በሦስት ርቀት ለስቴት ውድድር አለፈች እንበል። ሁሉንም መሮጥ አለባት? ወይስ አንዱን መተው ትችላለች? የሚወስነውስ ማን ነው?

ልጄ ባለፈው ዓመት በ800፣ በ1600 እና በ3200 ሜትር አለፈች። በ4 በ800 ዱላ ቅብብሉም ነበረችበት። ሲደመር 16 ዙር ነው፤ ያኔ ዕድሜዋም 16 ነበር። ከሁለት ሳምንት በፊት ጀምሮ ቅልጥሟን ያማት ነበር። አንድ ማታ እራት ላይ፣ «አባ፣ 3200ውን ብተወው እኮ 1600ውን በደንብ እሮጠው ነበር» አለችኝ። ለአሰልጣኝሽ ንገሪው አልኳት። ፈራች። እንደምንም ነገረችው። ቡድኑ ነጥብ ያስፈልገዋል ተባለች።

በአሰልጣኙ አልፈርድም። አንደኛ የወጣ 10 ነጥብ፣ ሁለተኛ 8፣ እየወረደ ስምንተኛ የወጣ 1 ነጥብ ያስገኛል። ልጆቹ ጥቂት የሆኑበት ቡድን አንዷንም ነጥብ ይፈልጋታል። ግን ልጄ አራቱንም ሮጠች፣ በአንዱም እንዳሰበችው አልሆነላትም። ከዚያ በኋላ አምስት ሳምንት መሮጥ አልቻለችም።

የታላቅ ወንድሟ ታሪክ ደግሞ ተቃራኒው ነው። እሱ ለስቴት በሚያሳልፈው የአካባቢ ውድድር፣ በሪጅናሉ፣ አንድ ደረጃ ብቻ ቀርቶት ስቴት ሳያልፍ ቀረ። የውድድሩ ዕለት እቤት ሶፋ ላይ ተቀምጦ ውጤቱን በስልኩ ይከታተላል። ከአንዱ ስም ጎን «አልሮጠም» የሚል አየ። ያ ልጅ ለሌላ ርቀት ጉልበቱን ለመቆጠብ ብሎ ጠዋት ላይ እንደተወው በኋላ ሰማን። ለልጄ ከአንድ ቀን በፊት የነገረው ሰው ቢኖር ጫማውን አድርጎ ይገኝ ነበር። ማንም አልደወለለትም። የዚያን ቀን ፊቱን አልረሳውም።

እንግዲህ አንዷ ልጄ መተው ፈልጋ አልቻለችም። አንዱ ደግሞ ሌላው በተወው ቦታ ሊሮጥ ይችል ነበር፣ ግን የተተወው ረፍዶ ነው።

በእኛ ሰዎች ዘንድ ያለፉበትን ውድድር መተው እንደ ነውር ይቆጠራል። ምክንያቱ ይገባኛል። ያደግነው የምሩጽ ይፍጠርን ታሪክ እየሰማን ነው። ማርሽ ቀያሪው በ1980 እ.ኤ.አ. ሞስኮ ላይ 5 ሺህም 10 ሺህም አሸነፈ። አዳማ የተወለደችው ሲፋን ሀሰን ለኔዘርላንድስ ተሰልፋ በቶኪዮ በ9 ቀን ውስጥ 6 ጊዜ ሮጠች፤ ሁለት ወርቅና አንድ ነሐስ ወሰደች። እኛም ልጆቻችንን «አንቺስ ምን ያንስሻል?» እንላቸዋለን። ጉዳፍ ፀጋይ ግን በ2024 ፓሪስ ላይ 1500፣ 5 ሺህና 10 ሺህ ሮጣ ያለ ሜዳሊያ ነው የተመለሰችው። የጉዳፍን ችሎታ የሚጠራጠር የለም። እነዚህ ደግሞ ሥራቸው ሩጫ የሆነ አዋቂዎች ናቸው። የእኔ ልጅ ቅዳሜ ሮጣ ሰኞ የኬሚስትሪ ፈተና አለባት።

በሀገር አቀፉ የሁለተኛ ደረጃ ደንብ አንድ ተማሪ በአንድ ውድድር ቢበዛ አራት ቦታ መግባት ይችላል፤ ዱላ ቅብብሉም ይቆጠራል። አራት ጣሪያው ነው፣ ግዴታ አይደለም። ይኸው ደንብ ገብቶ ያልሮጠን ወይም ከልቡ ያልሮጠን ተማሪ ከቀሩት ውድድሮችም ሊያስወጣው ይችላል። ይህን እደግፋለሁ፣ መቀለጃ እንዳይሆን ነው። ግን በጊዜው ለአሰልጣኟ መናገር የፈራች ልጅ አንዴ ከገባች በኋላ መውጫ የላትም ማለት ነው። ስለዚህ ሁሉም ነገር የሚወሰነው ከሪጅናሉ በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት ነው።

የምጠይቃችሁም ስለ እነዚያ ቀናት ነው። ያለፈ ተማሪ ሁሉ አንድ ገጽ ቅጽ ይሰጠው። የሚሮጥበትን ራሱ ይምረጥ፣ ራሱ ይፈርም፣ ወላጅም ይየው። አሰልጣኙ ይምከር እንጂ በልጁ ፈንታ አይፈርም። ስም ማስወጫው ቀነ ገደብ ደግሞ ቀጣዩን ልጅ ጠርቶ ለማምጣት የሚበቃ ይሁን። ያ ቀጣይ ልጅ በሪጅናሉ ማታ «ተጠባባቂ ነህ፣ ልምምድህን እንዳታቆም» ይባል። አንድ ስልክ ነው የሚፈጀው። ከትምህርት ቤት ብዙ ማስታወቂያ በአማርኛም በስፓኒሽም ይደርሰናል። ይህም ቅጽ እንደዚያው ይተርጎም፤ የሁለት ፈረቃ ሥራ ሠርታ የምትመጣ እናት ምን ላይ እንደምትፈርም ትወቅ።

ዱላ ቅብብሉን ለብቻው ነው የማየው። እዚያ ላይ የሦስት ልጆች ልፋት አለ። አንዷ በመጨረሻው ሰዓት ብትቀር ሦስቱም ይቀራሉ። በግሏ ርቀት ላይ ሙሉ ነፃነት ይኑራት እላለሁ፤ ለዱላ ቅብብል ግን ቃሏን ቀድማ ትስጥ፣ ከሰጠች በኋላም ሕመም ካልሆነ በቀር አትመለስ። ልጄም በዚህ ትስማማለች። ያኔም ልትተወው የፈለገችው 3200ውን እንጂ ጓደኞቿን አልነበረም።

ዘንድሮ የመጨረሻ ዓመቷ ነው። ለሪጅናሉ ገና ጥቂት ወራት አሉ፣ አንድ ገጽ ቅጽ ለማዘጋጀት ይበቃሉ። በአማርኛ መተርጎሙን እኔና ሌሎች ወላጆች ያለ ክፍያ እንሠራዋለን። ልታነጋግሩን ከፈለጋችሁ ከሥራ በኋላ በየትኛውም ምሽት እንመጣለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የሁለት ሯጮች አባት
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ