ለእህት ዓለሜ

እህት ዓለሜ፣

እንደምን ከረምሽ? ድምፃችን ከተጠፋፋ ስንት ጊዜ ሆነ! አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ኑሮው እንዴት ነው? ልጆቹስ?

እኔ አሁንም ሁለተኛ ክፍል አስተምራለሁ። ዘንድሮ ግን አካባቢ ሳይንስን ደጅ አውጥቼዋለሁ። ልጆቹን ይዤ ጉለሌ እጽዋት ማዕከል እወጣለሁ። ቦታው ከ700 ሄክታር በላይ ነው፤ ለትንንሽ ልጆች ግን አንድ ጥግ ይበቃል። የእኛ ጥግ በአንድ ወገን ባሕር ዛፍ፣ በሌላው ጥድ ያለበት ነው።

እዚያ ስንደርስ ብዙ አላወራም። «አፈሩን በእንጨት ጫር ጫር አድርጋችሁ አሽትቱ» እላቸዋለሁ። ከጥዱ ሥር ያለው ጠቆር፣ ረጠብ ይላል፤ ትልም አያጣውም። ከባሕር ዛፉ ሥር ግን ከደረቅ ቅጠል በቀር ብዙ ነገር የለም። «ለምን?» ብለው ራሳቸው ይጠይቃሉ። ባሕር ዛፍ ውሃ በብዛት እንደሚጠጣ፣ ቅጠሉም ሌላውን ተክል እንደሚያቀጭጭ የምነግራቸው ያኔ ነው።

እንዲጠሉት ግን አልፈልግም። በአፄ ምኒልክ ዘመን ማገዶ ጠፍቶ ዋና ከተማው ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወር ነበር። አዲስ አበባን ያቆያት ይኸው ቶሎ የሚያድግ ዛፍ ነው። ይህን እያወራሁ አንዷ ቅጠሉን አሸት አድርጋ «ጉንፋን ሲይዘኝ እማዬ የምታጥነኝ!» ብላ ጮኸች። ደስታዋን ብታዪ!

እስስት ያገኘን ቀን ደግሞ ግማሾቹ ሸሹ። መርዘኛ ናት ሲባል ሰምተው ነው ያደጉት። መርዝ እንደሌላት ነግሬያቸው ራቅ ብለን ቆምን። አንዱን ዓይኗን ወደ ፊት፣ ሌላውን ወደ ኋላ ስታዞር አንድም ልጅ ድምፅ አላሰማም። አንዱ ማታውን አያቱን ሲያስረዳ እንዳመሸ እናቱ ነገረችኝ።

ወላጆች መጀመሪያ አልወደዱትም። «ዩኒፎርሙ ጭቃ ሆነ፣ ልጄን ብርድ መታው፣ ትምህርቱ ተጓተተ» አሉ። ስለ ዩኒፎርሙ እውነታቸውን ነው፤ አሁን አሮጌ ልብስ ደርበው ይመጣሉ። ስለ ትምህርቱ ግን አልስማማም። ክፍል ውስጥ አፉን የማይከፍት ልጅ እዚያ ጥያቄው አያልቅም።

መኪና በማይገኝበት ሳምንት ግቢያችን ውስጥ ካለው ወይራ ሥር እንቀመጣለን። እሱም አያንስም። በዓመት አንዴ በአውቶብስ ሄዶ ፎቶ ተነሥቶ መመለስ ለእኔ ሽርሽር ነው። ልጅ ዛፍ የሚያውቀው በበጋም በክረምትም እየተመላለሰ ሲያየው ነው።

እዚያ የልጆችሽ መምህራን ደጅ ያወጧቸዋል? በረዶ ሲጥልስ? ምን እንደሚያሠሯቸው ጠይቀሽ ጻፊልኝ፤ የሚሆነንን እወስዳለሁ። ልጆቹን ሳሚልኝ።

የአንቺው እህት