እግሩን የሚጎትት ሁሉ ነርቩ የታመመ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

በጤና ዓምዶች እግር ስለመጎተት ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚጠሩት የዲስክ መንሸራተት፣ የስኳር በሽታና የሥጋ ደዌ ናቸው። መጠራታቸው ተገቢ ነው። ስሜቱ ያልጠፋ፣ ወገቡንም የማያመው ወጣት እግሩን ሲጎትት ግን ከሦስቱ በአንዱ ተገምቶለት ዓመታት ሊባክኑበት ይችላሉ። ጥፋቱ ከነርቩ ሳይሆን ከጡንቻው፣ የጡንቻውም ሰበብ ጂ.ኤን.ኢ ከሚባለው ዘረመል ሊሆን ይችላል። በሽታው ብርቅ ነው፤ እሱን መጠርጠር ግን ከጤና ጣቢያ አቅም በላይ አይደለም።

ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ በ20ዎቹና በ30ዎቹ ዕድሜ ይጀምራል። መጀመሪያ የሚደክመው ከቅልጥም ፊት ለፊት ያለው፣ የእግርን ጫፍ ወደ ላይ የሚያነሳው ጡንቻ ነው። ስለዚህ ነጠላ ጫማ ከእግር እየሾለከ ይቀራል፤ የቆዳ ጫማ አፍንጫው ከተረከዙ ቀድሞ ይበላል፤ ኮብልስቶን በተነጠፈው የጎንደር ዳገት ላይ ትንሿ ጉብታ ሁሉ ታደናቅፋለች። ባለሙያው ታማሚውን ባዶ እግሩን አሥር እርምጃ በተረከዙ ብቻ ያስኪደው፤ የእግሩ ጫፍ ከመሬት አይነሳለትም። ቀጥሎ ዝቅ ያለ በርጩማ ላይ አስቀምጦ እጁን ደረቱ ላይ እንዳጣጠፈ ተነሥ ይበለው። እዚህ ላይ ነው ጉዱ፤ ብድግ ይላል። ከጭን ፊት ለፊት ያለው ትልቁ ጡንቻ በሽታው ለዓመታት ሲገፋ እንኳ ብዙም አይነካም፤ ከጭን ኋላ ያለውና ዳሌን የሚያጥፈው ግን ይደክማሉ። እግሩን እየጎተተ ከበርጩማ እንደ ጤነኛ የሚነሣ ሰው ሲታይ ይህን ዘረመል ማሰብ ነው።

ከዚያ ስሜት ይፈተሽ። ውስጥ እግሩና የእግሩ ጀርባ በ10 ግራም ናይለን ክር (በ10 ግራም ግፊት በሚጎብጥ የስሜት መፈተሻ) ሲነካ ዓይኑን ጨፍኖ ሁሉንም ከለየ፣ ከጉልበት በታች በውጭ በኩል አጥንቱን ታክኮ የሚዞረው ነርቭ ካልወፈረና ሲነካ ካላመመው፣ ስሜት ያጣ የቆዳ ምልክትም ከሌለበት የሥጋ ደዌ ጥርጣሬው ይዳከማል። አንዱ እንኳ ከተገኘ ግን ዘረመሉን ትቶ ወደ ሥጋ ደዌ ሕክምና ፈጥኖ መላክ ነው፤ 6 ወር ያልሞላው የነርቭ ጉዳት ብግነት በሚያበርደው መድኃኒት በፕሬድኒሶሎን ሊመለስ ይችላልና። ይኸው ፕሬድኒሶሎን ለጂ.ኤን.ኢ ሕመም አይጠቅምም። የጡንቻ ብግነት ነው ተብሎ ለወራት ሲዋጥ ትርፉ የስኳር መጨመር፣ የደም ግፊትና የአጥንት መሳሳት ሊሆን ይችላል። ከተጎዳ ጡንቻ ወደ ደም የሚወጣው ኢንዛይም፣ የክሬቲን ካይኔዝ፣ ምርመራም ያታልላል፤ ልኩ ላይ ወይም ከልኩ ጥቂት እጥፍ ብቻ ከፍ ብሎ ስለሚገኝ «ጡንቻው ደህና ነው» ያሰኛል።

ዘረመሉ ዘጠነኛው ክሮሞሶም ላይ ነው። የሚያሠራው ኢንዛይም አንድ አካል፣ ሁለት እጅ ነው። አንደኛው እጅ ዩዲፒ የሚባል ሞለኪውል የተሸከመውን ስኳር፣ ኤን-አሴቲል ግሉኮሳሚንን፣ ወደ ሌላ ስኳር፣ ወደ ኤን-አሴቲል ማኖሳሚን፣ ይለውጣል፤ ሁለተኛው በተገኘው አሚኖ ስኳር ላይ ፎስፌት ይለጥፋል። ከዚህ ተነሥቶ ሲያሊክ አሲድ የሚባል ስኳር ይሠራል፤ ቦታውም በሕዋስ ገጽ ላይ ያሉ የስኳር ሰንሰለቶች ጫፍ ነው። ምርቱ ሲበዛ ተመልሶ የመጀመሪያውን እጅ ይይዘዋል። ይህ ፍሬን የተበላሸባቸው ሰዎች ሲያልዩሪያ የሚባል ሌላ ሕመም ይይዛቸውና ሲያሊክ አሲድ በሽንታቸው ይፈስሳል። አንዱ ዘረመል በአንድ በኩል እጥረት፣ በሌላው ትርፍ ያመጣል። ዘረመሉ ፈጽሞ የጠፋባቸው የአይጥ ጽንሶች ግን ሳይወለዱ ይሞታሉ።

በሽታው የሚወርደው ጉድለት ያለበት ቅጂ ከሁለቱም ወላጅ ሲገጥም ነው። ወላጆች ጤነኞች ናቸው፤ እያንዳንዱ ልጅ የመታመም ዕድሉ ከ4 አንድ ነው። ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት መቁጠራችን ለእንዲህ ያለው ሕመም ጥሩ አጥር ነው፤ ዋስትና ግን አይደለም። ከኢራን በወጡ አይሁዶች ዘንድ የታወቀው ለውጥ ከአንድ የጥንት አያት የወረደ በመሆኑ ዝምድና የማይቆጥሩ ሰዎችም ይጋሩታል። «ወላጆችህ ዘመድ ናቸው ወይ?» ሲባል «አይደሉም» የሚል መልስ ምርመራውን ማስቀረት የለበትም።

ለዘረመል ምርመራው ደሙ ሐምራዊ ክዳን ባለው፣ ደም እንዳይረጋ ኢዲቲኤ በተጨመረበት ቱቦ 3 ሚሊ ሊትር ያህል ይቀዳል፤ ቱቦው ሳይናጥ ቀስ ተብሎ 8 ጊዜ ይገለበጣል፤ በረዶ ሳይሠራ በ4 ዲግሪ ይላካል። በአረንጓዴ ክዳኑ ቱቦ ያለው ሌላው የደም መርጋት መከላከያ፣ ሄፓሪን፣ ዲኤንኤ የማባዛቱን ሥራ ስለሚያውክ ያን ቱቦ መተው ነው። ቤተ ሙከራው ከነጠላ የፊደል ለውጥ ሌላ ተቆርጦ የወደቀ ክፍል መኖሩንም እንዲያይ በጽሑፍ ይጠየቅ።

ውጤቱ ሲመጣ ቁጥሩ ያደናግራል። ኢንዛይሙ የሆነው ፕሮቲን ቀድሞ በ722 አሚኖ አሲድ ይቆጠር ነበር፤ አዲሱ አቆጣጠር 753 ነው፤ ልዩነቱ 31። በድሮው 712 ላይ የተጻፈው፣ ሜታዮኒን የተባለው አሚኖ አሲድ ትሪዮኒን በተባለው የተተካበት ለውጥና በአዲሱ 743 ላይ የሚጻፈው አንድና ያው ነው። ይህን የማያውቅ ሰው አንዱን ጉድለት ሁለት አድርጎ ይቆጥርና ጉድለት ያለበት ቅጂ አንድ ብቻ የያዘውን ጤነኛ ተሸካሚ ታማሚ ነህ ይለዋል።

ሲያሊክ አሲዱን በክኒን መተካት ጥሩ ሐሳብ ይመስል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ውጤቱ የተነገረው የሦስተኛ ደረጃ ሙከራ ግን ግቡን አልመታም። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ2024 መድኃኒቱን ፈቅዳለች፤ እኛ ግን ለታማሚ «መድኃኒት ተገኘ» ለማለት አንደፍርም።

ዛሬ የሚረዳው የቁርጭምጭሚት መደገፊያ ነው። የጭኑ ጡንቻ ብርቱ እስከሆነ ድረስ ከጉልበት በላይ የሚወጣ ብረት አያስፈልገውም። ሙሉ በሙሉ የማይታጠፈው ፕላስቲክ ቁልቁለት ላይ ጉልበትን ወደ ፊት ይገፋል፤ ለጎንደር መንገድ ማጠፊያ ያለውና እግር ወደ ታች እንዳይወድቅ ብቻ የሚያግደው ይሻላል። ጫማው በአንድ ቁጥር ከፍ ይበል። መጀመሪያ ቀን 20 ደቂቃ ያህል ተሄዶበት ይውለቅና ቆዳው ይታይ፤ ሌላ 20 ደቂቃ ቆይቶም ያልጠፋ ቅላት ወይም ጥቁረት ካለ ፕላስቲኩ እዚያ ቦታ ላይ ተሙቆ ይለጠጥ።

በጡንቻና በነርቭ ሕመም ላይ የምንሠራ ባለሙያዎች
ጎንደር