ሀውካችንን ሄደህ እየው

ውድ ወንድሜ፣

ሰላም ላንተና ለቤተሰብህ። እትዬ እንዴት ናቸው? ወገባቸው ተሻላቸው? ስለ ጠፋሁበት ጊዜ ብዙ ማለት አልፈልግም። ይቅርታ። ሥራው፣ ልጆቹ፣ የሰዓቱ ልዩነት፣ ሁሉንም ታውቀዋለህ። አንተም ብትሆን አንድ ቀን "አለህ ወይ?" አላልከኝም። እኩል ነን እንበልና እንለፈው።

የጻፍኩልህ ስለ ሀውካችን ነው፣ በልጅነታችን በሬስሊንግ ታጋዩ ስም ስለጠራነው ጓደኛችን።

የሰፈር ልጆች የቀረጹትን ቪዲዮ ሰው ላከልኝ። ላንተም ሳይደርስህ አይቀርም። በጠራራ ፀሐይ ጠጥቷል። አጥር ላይ ወጥቶ እጁን ዘርግቷል። ከታች ያሉት "ዝለል! ዝለል!" ይሉታል። ይስቃሉ። እሱም አብሯቸው ይስቃል። እስከ መጨረሻው ማየት አልቻልኩም።

ወዲያው ምን ትዝ እንዳለኝ ታውቃለህ። የ1998ቱ ካሴት። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፍልህ፣ በኋላ እንዳትከራከረኝ።) እውነተኛው ሀውክ፣ አሜሪካዊው የሬስሊንግ ታጋይ፣ ያ ትልቅ ስክሪን የተሰቀለበት ማማ ላይ የወጣበት። ድሮዝ የሚባለው ታጋይ ተከትሎት ሲወጣ፣ የሀውክ ጥንድ አኒማል ከታች ሆኖ ሲያይ። ከዚያ መውደቁ። መውደቁ የተሰናዳ ትርኢት እንደነበር እናውቃለን። ችግሩ ግን ትርኢት አልነበረም። ሰውዬው በእውነት ከመጠጥና ከዕፅ ጋር ይታገል ነበር። የትግል ድርጅቱ ያንን ወስዶ የሳምንት ድራማ አደረገው። እየተንገዳገደ ወደ ሪንጉ እንዲመጣ አደረጉት። ያን ጊዜ አንተ ተናደህ ከቪዲዮ ቤቱ ወጣህ፣ እኔ ግን ነገሩ አልገባኝም ነበር። አሁን ገብቶኛል። የሰው ሕመም ለጭብጨባ አይቀርብም። ዛሬም ስለዚያ ሳስብ ደሜ ይፈላል።

ሚኒያፖሊስ ከገባሁ ወዲህ ስለ ሮድ ዋሪየርስ፣ ስለ ሀውክና አኒማል ጥንድ፣ ያላነበብኩት የለም። የዚህ አካባቢ ልጆች እኮ ናቸው! ቴሌቪዥኑ "ከቺካጎ" እያለ ሲያስተዋውቃቸው እኛም አምነን ነበር። ማይክል ሄግስትራንድ (ሀውክ) እና ጆ ላውሪናይቲስ (አኒማል) እዚህ ከተማ መጠጥ ቤት በር ላይ የሚቆሙ ጠባቂዎች ነበሩ። ኤዲ ሻርኪ የሚባል የቀድሞ ታጋይ እዚያው መጠጥ ይቀዳ ነበር። እሱ ነው አይቷቸው ያሠለጠናቸው። ከዚያው ቤት ባሪ ዳርሶም ወጥቷል። ያ "ኮፒ ናቸው" እያልክ የምትሰድባቸው ሌሎቹ ጥንዶች፣ ዴሞሊሽኖች የሉም? ከእነሱ አንዱ፣ ስማሽ ማለት እሱ ነው። ለካ የጥንት ወዳጃቸው ኖሯል። ስድብህን ቀንስ።

በ1983 ጆርጂያ ላይ አጣመሯቸው። ፖል ኤለሪንግን ማናጀር አድርገው ሰጧቸው። ፊት መቀባቱ፣ ጸጉሩን በመስመር መላጨቱ፣ እሾህ ያለው የትከሻ ትጥቅ፣ ሁሉም ቀስ በቀስ መጣ። መጀመሪያ ላይ ብዙ ትግል እንኳ አይችሉም ነበር ይባላል። ግን ምን ያደርጋል፣ ገብተው ሰውን አንስተው ይጥሉና ይወጣሉ። ሕዝቡ ደግሞ ክፉ ሆነው የመጡትን ሰዎች መውደድ ጀመረ። በ1984 ኤ.ደብሊው.ኤ የሚባለው የትግል ድርጅት ቀበቶ። በ1985 ጃፓን። በ1988 የኤን.ደብሊው.ኤ። በ1991 ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ላይ ናስቲ ቦይስን አሸንፈው የደብሊው.ደብሊው.ኤፍ። የሦስቱንም ድርጅቶች የዓለም ቀበቶ የወሰደ ሌላ ጥንድ የለም። ይሄን ቁጭ ብለህ ለልጆችህ ንገርልኝ።

እኛ ግን ለቀበቶው ግድ አልነበረንም። ለእኛ ያቺ የመጨረሻዋ ምት ነበረች። ዱምስዴይ ዲቫይስ። አኒማል ተጋጣሚውን ትከሻው ላይ ያስቀምጣል፣ ሀውክ ከገመዱ ጫፍ ዘሎ በክንዱ ደረቱን ይመታዋል። ያ ሰው ከዚያ ከፍታ ወደ ኋላ ተገልብጦ ነው የሚወርደው። ውጤቱ ቀድሞ ቢታወቅም መሬቱ መሬት ነው። አኒማል ከሥር በትክክለኛው ሰከንድ ካልለቀቀው አንገት ይሰበራል። እኛም ስንሞክረው እኔ ከሥር ነበርኩ፣ ሀውካችን ከላይ። ትከሻዬ ላይ የሚቀመጠው ሁሌ የሰፈሩ ትንሽ ልጅ። አንተ አዲስ ዘመንን ጠቅልለህ እንደ ኤለሪንግ ትንጎራደዳለህ። አንድም ቀን ፍራሹ ላይ አልወጣህም እኮ! ልብስህ እንዳይቆሽሽ።

የማላውቀው የነበረው የመሀሉን ታሪክ ነው። በ1992 ለንደን ዌምብሌይ ላይ፣ ከ80,000 በላይ ሰው ፊት፣ በሞተር ሳይክል ገብተው አሸነፉ። ከዚያ በኋላ ሀውክ ትቶ ሄደ። ጃፓን ገባና ከጃፓናዊው ታጋይ ከኬንሱኬ ሳሳኪ ጋር ሌላ ጥንድ ሠራ። አኒማል ወደ ኋላ ቀረ። ጀርባውን ተጎድቶ ለዓመታት ከሪንግ ራቀ። በ1996 ግን እንደገና አብረው ቆሙ። ምን ተባብለው እንደታረቁ ብሰማ ደስ ይለኝ ነበር። ወይም ምንም አልተባባሉም ይሆናል። ወንዶች አይደለን።

ሀውክ በኦክቶበር 2003 ፍሎሪዳ ቤቱ ውስጥ ሞተ። ልቡ ነው። 46 ዓመቱ ነበር። አኒማል በ2005 ሀይደንራይክ ከሚባል ታጋይ ጋር ቀበቶ ወሰደና ለሀውክ መታሰቢያ አደረገው። እኔ ያንን ጥንድ መቀበል አልቻልኩም። ሀይደንራይክ ምን አጠፋ ትለኝ ይሆናል፣ ምንም። ግን ፊቱን ቀብተው እሾሁን ስላለበሱት ሀውክ አይሆንም። በ2011 የክብር መዝገብ ውስጥ ሲገቡ አትላንታ ላይ አኒማልና ኤለሪንግ ናቸው የቆሙት። ጆርጂያ ላይ ሦስት ሆነው ተጀመረ፣ ጆርጂያ ላይ ሁለት ሆነው ተሸለሙ። በ2020 አኒማልም በ60 ዓመቱ ሄደ።

አየህ፣ ይሄን ሁሉ የምዘበዝብህ... እንዴት ልበልህ። የእኛ ሀውክ 46 አልሞላውም። በሕይወት አለ። ካንተ ቤት በአንድ ታክሲ ትደርሳለህ። እኔ ደውዬለት ነበር፣ አያነሳም። ገንዘብ ብልክ የት እንደሚሄድ ሁለታችንም እናውቃለን።

በመካከላችሁ የሆነውን ሰምቻለሁ። ብድሩንም፣ በሠርጉ ቀን የተናገረህንም። እውነት አለህ። ማን ልክ ነው ብዬ አልፈርድም። ግን ካንተ ሌላ የሚሰማው ሰው የለም። እኔን ይወደኛል፣ አንተን ግን ያከብርሃል። ድሮም "ኤለሪንግ ካለ አለቀ" ነበር የሚለው።

ምክር አትስጠው። ጸበል እናድርስህ፣ ሐኪም ጋ እንሂድ የሚለው በኋላ ይመጣል። መጀመሪያ ሂድና አብረኸው ምሳ ብላ። ጥሎ ቢወጣ ደግሞ ሂድ። የሕክምናውን ወጪ እኔ እችላለሁ፣ ስለሱ አታስብ፣ ለእሱም አትንገረው። የበዓል ሰሞን ልመጣ ትኬት እያየሁ ነው፣ ፈቃድ ካገኘሁ ሦስታችንም እንገናኛለን።

ያንን ቪዲዮ የለቀቀውን ልጅ ደግሞ ፈልገው። የማን ልጅ እንደሆነ አንተ አታጣውም። እንዲያጠፋው አድርግ። በቁጣ ሳይሆን በምትችለው መንገድ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቤቱ አይጠፋም አሉኝ። ስትደርስ በቴሌግራም ደውልልኝ፣ እዚህ ሌሊት ቢሆንም አነሳለሁ።

ወንድምህ፣
አኒማል