«ለሁለት ይካፈላል» የተባለው ስሌት ከቀረ ቆይቷል

ይድረስ ለዋና አዘጋጁ፣

ባለፈው ሳምንት «ለኢትዮጵያውያን ወላጆች የተሟላ መረጃ» በሚል ርእስ ስለ አሜሪካ ኮሌጅ የፌዴራል ድጎማ ያወጣችሁትን ዘገባ በጥሞና አነበብኩት። የፔል ግራንት (ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ ቤተሰቦች ልጆች የፌዴራሉ መንግሥት የሚሰጠው፣ የማይመለስ ድጎማ) ከፍተኛ መጠን በዓመት 7,395 ዶላር ነው መባሉ ትክክል ነው። ቅሬታዬ በአንዲት ዓረፍተ ነገር ላይ ነው፤ ሁለት ልጆች በአንድ ጊዜ ኮሌጅ ካሉ ቤተሰቡ ይከፍላል ተብሎ የሚገመተው ገንዘብ «ለሁለት ይካፈላል» በምትለው ላይ።

ይህ አሠራር ከእ.ኤ.አ. 2024-25 የትምህርት ዘመን ጀምሮ የለም። ኮንግረስ በ2020 መጨረሻ ባጸደቀው የፋፍሳ (የፌዴራል ድጎማ ማመልከቻ ቅጽ) ማቅለያ ሕግ መሠረት የቀድሞው የቤተሰብ መዋጮ ግምት በተማሪ ድጋፍ ኢንዴክስ ሲተካ፣ ኮሌጅ የገቡ ልጆች ቁጥር ከፌዴራሉ ስሌት ወጥቷል። ዘጋቢያችሁ አሮጌ መመሪያ ከመደርደሪያ አውርደው አቧራውን እንኳ ሳያራግፉ የገለበጡት ይመስላል።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ግምቱ 8,000 ዶላር የሆነበትን ቤተሰብ እንውሰድ። በድሮው ስሌት ለእያንዳንዱ ልጅ 4,000 ስለሚደርስ፣ ይህ ከከፍተኛው ድጎማ ላይ ሲቀነስ ሁለቱም ልጆች እያንዳንዳቸው ወደ 3,400 ዶላር ገደማ ያገኙ ነበር። ዛሬ ያው 8,000 በሁለቱም ስም ሙሉ በሙሉ ይመዘገባል፤ ከ7,395 ስለሚበልጥም በቅነሳው መንገድ የሚተርፋቸው ነገር የለም። የቤተሰቡ ገቢ ከድህነት ወለሉ አንጻር ከተቀመጠው ጣሪያ ካላለፈ ብቻ ዝቅተኛው ድጎማ፣ ማለትም 740 ዶላር፣ ይደርሳቸዋል። የሚገርመው ደግሞ የ2025-26ቱ ቅጽም ቢሆን ስንት ልጅ ኮሌጅ እንዳለን መጠየቁን አልተወም። መልሱን ላይሰማ «ልጆች ደኅና ናቸው?» እያለ እንደሚያልፍ ጎረቤት መሆኑ ነው።

ሕጉ ሁሉንም ጎዳ አልልም። ሁለት ወላጅ ባለበት ቤት ገቢው ከድህነት ወለሉ 175 በመቶ፣ ልጁን ብቻውን ለሚያሳድግ ወላጅ ደግሞ 225 በመቶ ካልበለጠ፣ ተማሪው ከፍተኛውን ድጎማ እንደሚያገኝ ቁርጡ ይታወቃል። የተመታነው ከዚያ ትንሽ ከፍ ብለን ያለነው ነን፤ ባል ቀን መኪና እየነዳ፣ ሚስት ሌሊት አረጋውያን እየተንከባከበች፣ በዕድሜ የተቀራረቡ ልጆችን የምናስተምር። እኛ ቤት ታናሹ ኮሌጅ ሲገባ የታላቂቱም ሸክም ይቀላል ብለን ስንጠብቅ፣ የመጡልን ሁለት ደብዳቤዎች ከስሙ በቀር ቁጥራቸው አንድ ነበር። የኮሌጁ የድጎማ ቢሮ ሠራተኛ «ሕጉ ነው» ብላ ስልኩን ዘጋችው። ጎንደር ላሉት እናቴ በየወሩ የምልከውንም ስሌቱ አይቀንስልኝም፤ እዚህ አገር ስለማይኖሩና በግብር ሰነዴ ላይ ጥገኛዬ ስላልሆኑ በቤተሰብ ቁጥር ውስጥም አይገቡም። ስለዚህ ጉዳይ በ«ተሟላው» መረጃችሁ አንድ መስመር ፈልጌ አጣሁ። ደግነቱ ድጎማው በስማቸው ለተጠራው ለሴናተር ክሌይቦርን ፔል የሕይወት ታሪክ ሁለት አንቀጽ ቦታ ተገኝቷል።

ብትጠይቁን ኖሮ የሚጠቅም ነገር በነገርናችሁ ነበር። የ2025-26ቱ ድጎማ የተሰላው በ2023 ገቢ ስለሆነ፣ ከዚያ ወዲህ ሥራ ያጣ ወላጅ ማስረጃውን ይዞ ለኮሌጁ የድጎማ ቢሮ ሊያመለክት ይችላል፤ ቢሮውም መረጃውን የማስተካከል ሥልጣን አለው። ሲ.ኤስ.ኤስ. ፕሮፋይል የተባለውን ቅጽ ከሚጠይቁ የግል ኮሌጆችም ብዙዎቹ የራሳቸውን ገንዘብ ሲያከፋፍሉ ኮሌጅ ያለን ወንድም ወይም እኅት ዛሬም ከግምት ያስገባሉ።

የሚቀጥለው ዓመት ቅጽ ኦክቶበር 1 ከመከፈቱ በፊት እርማቱን እንድታወጡ እጠይቃለሁ። ዘገባው የወጣው በፊት ገጽ ነውና እርማቱም ከሠርግ አዳራሽ ማስታወቂያ ሥር እንዳይወሸቅ አደራ።

የሁለት ተማሪዎች እናት
ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ