ወንድም ዓለም፣ ስለ ሸራው ጋሪ

ለውድ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? እማዬና አባዬስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

የላክልኝን በነፋስ የሚነዳ የሸራ ጋሪ ንድፍ አየሁት። ሦስት ጎማ፣ ምሰሶ፣ ሸራ፤ ሐሳቡ ልክ ነው። ግን የሳልከው ዕቃ የሚጫንበት ጋሪ ነው። የዕቃ ጋሪን ሸክሙ ከላይ ይጫነዋል፤ ይህን ግን የሚፈትነው ከጎን የሚመጣው ነው። 5 ካሬ ሜትር ሸራ በሰከንድ 12 ሜትር የሚሄድ ነፋስ ሲመታው ወደ 45 ኪሎ የሚጠጋ ግፊት ይሸከማል፣ አብዛኛውም ወደ ጎን ነው። ግፊቱ የሚያርፈው ከመሬት ሁለት ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ስለሆነ አንዱን የኋላ ጎማ ብድግ ለማድረግ አያንስም። 12 ሜትር ደግሞ ብዙ እንዳይመስልህ። ጋሪው ሲሮጥ ፊት ለፊት የሚገጥመው ነፋስ በዋናው ላይ ይደመራል፤ ከነፋሱ በላይ መፍጠን የሚችለውም በዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ሆሮኑኩ የተባለው የሸራ ተሽከርካሪ አውስትራሊያ ውስጥ በጌርድነር ሐይቅ የጨው ሜዳ ላይ በሰዓት 222.4 ኪሎ ሜትር ሮጧል። ያንተው 50 ከሮጠ ይበቃሃል።

ስለዚህ የብስክሌት ጎማውን ተወው። ብስክሌት ሲታጠፍ አብሮ ስለሚጋደም ጎማው ከጎን ብዙም አይገፋም፤ ይህ ግን አይጋደምም፣ ቀጫጭኖቹ ሽቦዎች ይላላሉና ቸርኬው እንደ ቂጣ ይታጠፋል። 4.00-8 የሚል የተጻፈበትን፣ 40 ሳንቲ ሜትር ገደማ ቁመት ያለውን የእጅ ጋሪ ጎማ ውሰድ። መሃሉ ላይ ያለውን ፕላስቲክ አውጥተህ በየጎማው ሁለት ሁለት፣ ውስጣቸው 20 ሚሊ ሜትር የሆነ ሽፍን ኩሽኔታ ግጠም። በሁለቱ ኩሽኔታዎች መካከል አክስሉ ላይ የሚጠለቅ አጭር ቱቦ ይግባ፤ የውስጥ ቀለበቶቹን ብቻ ይንካ። እሱን ከረሳህ ዳዶውን ባጠበቅህ ቁጥር ኩሽኔታዎቹ ወደ ውስጥ ይጨመቃሉ፣ ጎማውም በእጅ እንኳ መዞር ያቅተዋል። ሰው ይህን ሲያይ ዳዶውን ያላላና ችግሩን የፈታ ይመስለዋል።

አክስሉ 20 ሚሊ ሜትር ድፍን ብረት ይሁን፤ ቱቦላሬው (ውስጡ ክፍት የሆነው ባለ አራት ማዕዘን ብረት) ውስጥ ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ገብቶ በብሎን ይያዝ። ጎማው ሥር አትበይደው፣ ሲሰነጠቅ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ዳዶው የሚገባበት ጥርስም ኩሽኔታው ውስጥ አይጀምር።

ልኩን እንዲህ አድርገው፦ በኋላ ጎማዎቹ መካከል 1.60 ሜትር፣ ከፊት ጎማ እስከ ኋላ አክስል 1.80 ሜትር። ግንዱ ባለ 50 በ50 ሚሊ ሜትር ቱቦላሬ፣ ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር። ወንበሩን ሳትበይድ አስቀምጠህ ተቀመጥበትና የፊት ጎማውን ሚዛን ላይ አውጣው። ከጠቅላላ ክብደቱ ሩብ ወይም ከአምስት አንድ እጅ ካላሳየ ወንበሩን አንቀሳቅስ። ፊቱ ከቀለለ መሪው አይታዘዝም፤ ወደ ፊት በተጠጋህ መጠን ደግሞ መገልበጥ ይቀልለዋል።

መሪው በእግር ነው። ከአሮጌ ብስክሌት የአንገቱን ቱቦ ከነኩሽኔታው ቁረጥ፣ የጋሪ ጎማ ስለማይገባበት ግን የሹካውን ሁለት እግር ከጠፍጣፋ ብረት ሥራ። አንገቱን ወደ ኋላ ጋደል አድርገው፤ መስመሩ ወደ መሬት ቢቀጥል ጎማው ከሚነካበት 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ቀድሞ ይረፍ። ያ ከጠፋ ሲፈጥን ፊቱ ይርገበገባል። ቀኝ እግርህን ስትገፋ ወደ ግራ እንደሚታጠፍ አትርሳ።

ለምሰሶ አሮጌ የዊንድሰርፊንግ (ሸራ ተተክሎበት ውሃ ላይ የሚንሸራተት ሰሌዳ) ምሰሶ ካገኘህ እሰየው። ከግንዱ ላይ 30 ሳንቲ ሜትር ቱቦ አቁምና ውስጡ አስገባው፤ በነፃ ይሽከርከር፣ ወደ ኋላም ትንሽ ዘንበል ይበል። ቱቦው ታቹ ብቻ ተበይዶ ከቀረ ይገነጠላል፤ ከአፉ ወደ ኋላ አክስል ሁለት ሰያፍ ድጋፎች ይዘርጉ። የቱቦውን አፍ በሞረድ አድቦልቡል፣ ፕላስቲክም አልብሰው። ስለታም ከሆነ ምሰሶው ልክ እዚያው ጋ እንደ ሸንኮራ ይቀነጠሳል። ሸራው ሲወጠር የግፊቱ መሃል ከኋላ አክስል 20 ወይም 30 ሳንቲ ሜትር ቀደም ይበል። ወደ ኋላ ካለፈ የኋላ ጎማዎቹ ይንሸራተቱና ጋሪው ዞሮ ነፋሱን ይጋፈጣል።

የሸራው አግዳሚ ከራስ ቁርህ አንድ ስንዝር ከፍ ይበል። ሸራውን የምትይዝበትን 8 ሚሊ ሜትር ገመድ በፑሊዎች ሦስት አጥፈህ ወደ እጅህ አምጣው። እንዳይደክመኝ ብለህ የትም አትሰረው! ጎማ ሲነሳ መፍትሔው ገመዱን መልቀቅ ብቻ ነው፤ የታሰረ ገመድ ደግሞ አይለቀቅም። ለመቆም ገመዱን ልቀቅና አፍንጫውን ወደ ነፋሱ አዙር።

የቱቦላሬውን ውፍረት ሻጩ ሲነግርህ አትመን፣ ራስህ ለካ። አክስሉን ከመግጠምህ በፊት የኋላውን ፎቶ ላክልኝ። እማዬን ሳምልኝ፤ ስለ መገልበጡ ግን አትንገራት።

እህትህ