ለቅዳሜ፦ «ዘ ናሮው ማርጂን»

ሰላም ለሁላችሁ፣

የቅዳሜው ፊልም «ዘ ናሮው ማርጂን» ነው፤ የ1952። ስሙን ባትሰሙት አይገርመኝም። ትልቅ ኮከብ የለበትም፤ አርኬኦ የተባለው የሆሊውድ ስቱዲዮ በትንሽ በጀት የሠራው የ71 ደቂቃ ፊልም ነው። ተቀርጾ ካለቀ በኋላም የስቱዲዮው ጌታ ሃዋርድ ሂውዝ ከዓመት በላይ መደርደሪያ ላይ አቆይቶታል።

ታሪኩ ቀላል ነው። ቻርልስ ማግሮው የሚጫወተው መርማሪ የሞተ የማፍያ አለቃ ሚስትን ለምስክርነት ከቺካጎ ወደ ሎስ አንጀለስ በባቡር ይወስዳል። ገዳዮቹም ተሳፍረዋል፤ መልኳን ግን አያውቁም።

እኔን የያዘኝ ድምፁ ነው። ማጀቢያ ሙዚቃ የለውም፤ የሚሰማው ባቡሩ ብቻ ነው። ተዋናይቷ ማሪ ዊንዘር አንድ ቦታ ላይ በንዴት ጥፍሯን ትሞርዳለች፣ ፈጠን ፈጠን እያለች። ከዚያ ሳታስቡት የሞረዱ ድምፅ የባቡሩ ጎማ ሆኖ ቁጭ ይላል! ሦስቴ መልሼ አይቼዋለሁ። ኮሪደሩን ሞልቶ መንገድ የሚዘጋውን ወፍራም ሰውዬም ልብ በሉት፤ ዳይሬክተሩ ሪቻርድ ፍላይሸር ጥበቱን እንደ አንድ ተዋናይ ነው የተጠቀመበት።

እንከን አለው። መጨረሻ አካባቢ የሚመጣው ድንገተኛ ነገር ብዙም አላሳመነኝም፤ ባቡሩ ላይ ያለው ትንሽ ልጅም ትንሽ ያደክማል። ያም ሆኖ ጂን ሃክማን ካለበት ከ1990ው ድጋሚ ሥራ ይሄኛውን እመርጣለሁ።

እባካችሁ አታርፍዱ። ገና መጀመሪያው ላይ የአንገት ሐብል ተበጥሶ ሉሉ ደረጃው ላይ ሲንከባለል ካመለጣችሁ አልደግምላችሁም። የፈንዲሻ ተረኞች ራሳችሁን ታውቃላችሁ።